ሙዳዩ ሳይበተን

ሰሞኑን ግቢያችን ውስጥ አንድ የማይሞት ወሬ አለ። 1936 የሚል የድሮ ሳንቲም ያለው ሰው በመቶ ሺህ ብር ይሸጣል ይባላል። አንዱ ከስልኩ ቪዲዮ ከፍቶ ያሳያል፣ ሌላው የአክስቴ ጎረቤት ሸጣ ቤት ሠራች ብሎ ይምላል። ቤት ሠራች የተባለችውን ሴት በዓይኑ ያየ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ሲሪንቃ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። ሙዳይ ያለው ሙዳዩን፣ ሣጥን ያለው ሣጥኑን ገልብጦ ሳንቲም ሲለቅም ነው የደረስኩት።

እኔ ሳንቲም መለቀሙን አልቃወምም። የምቃወመው አለቃቀሙን ነው። ገዢው ይመጣል፣ ሙዳዩን ይዘረግፋል፣ የሚፈልጋትን አንዷን ወይም ሁለቷን ያነሳል፣ የቀረውን መልሶ ይሰጣል። ብሩ ደግሞ በኪሎ ተመዝኖ ወደ አንጥረኛ ይሄዳል። በዚህ መሀል አንድ ነገር ለዘለዓለም ይጠፋል። የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ለማሳየት ግን መጀመሪያ ስለ ሳንቲሞቹ ትንሽ ማውራት አለብኝ፤ ውድ አንባብያን ታገሡኝ።

የመለየቱ ዘዴ ከውጭ የመጣ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። እሱ እረፍት ሲያገኝ ከባንክ በጥቅል የሚገዛቸውን ዳይሞች፣ ማለትም የአሜሪካ አሥር ሳንቲሞች፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ይለቅማል። ደንቡ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. 1964 እና ከዚያ በፊት ያለው ዓመት ከተጻፈባት ዘጠና በመቶ ብር ነች፣ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ከሆነች ወደ ባንክ ትመለሳለች። ቀጥሎ የማተሚያ ቤቱን ምልክት ያያል። ዲ ከሆነ ዴንቨር፣ ኤስ ከሆነ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፊደል የሌላቸው የድሮዎቹ ደግሞ ፊላደልፊያ። በ1916 ዴንቨር የታተመችው ዳይም 264,000 ብቻ ስለነበረች እሷን ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። እዚያ አገር ዓመትና ፊደል አብዛኛውን ጊዜ አይዋሹም። ስለዚህ አንዷን ዳይም ብቻዋን ብታነሳት ታሪኳን ራሷ ትነግርሃለች።

የኛ ሳንቲም እንደዚያ አይደለም። ስልክ ላይ የሚዞሩት ቪዲዮዎች ይህን ልዩነት አይናገሩም፤ የሚናገሩት የዳይሙን ዘዴ በአማርኛ ነው።

ከጠገራ ብር እንጀምር። ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት ነበረች፤ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የታተመው ጠገራ ሁሉ ግን 1780 ይላል። ቪየና አትማዋለች። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ በ1935 የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አሳትሟል። እንግሊዞች በ1936 ለንደን ላይ ቀጠሉ። ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ በርሚንግሃምና ቦምቤይም አትመዋል። ሁሉም 1780፣ ሁሉም ከንግሥቲቱ ምስል ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ፊደላት፣ ሁሉም ወደ 28 ግራም፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር። ምክንያቱ እኛው ነን። የሐበሻና የዐረብ ነጋዴ መልኩ የተለወጠበትን ብር አልቀበልም ስላለ አታሚዎቹ ዓመቱን ለመቀየር አልደፈሩም። የድሮ ነጋዴዎች ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ ይቆጥሩ ነበር፤ ዕንቁው ጎልቶ ካልታየ ይመልሱታል። ታዲያ አንድ ልጅ «1780 የሚል አገኘሁ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው!» ብሎ ሲጮህ ሳቄ ይመጣል። የ1780 ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አያቱ ከተወለደች በኋላ የታተመም ሊሆን ይችላል።

የምኒልክ ብር ትንሽ ይሻላል። አጤ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ሲያሳትሙ ሥራውን የሰጡት ለፓሪስ ማተሚያ ቤት ስለነበር ብሩ ላይ ትንሽ የላቲን ኤ ፊደል አለች፤ የፓሪስ ምልክት ነች። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈው፤ ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪፣ ፲፰፻፺፭። በአንዳንዱ ዓመት አንበሳው የሚያነሳው የግራ እግሩን ነው፣ በአንዳንዱ ደግሞ የቀኙን። እዚህ ላይ የአክስቴ ልጅ ዘዴ ይሠራል፤ ግን የግዕዝ ቁጥር ማንበብ ለሚችል ሰው ነው። (በነገራችን ላይ ከክፍላችን ተማሪዎች ስንቶቻችን ፹፯ን ከ፺፯ ሳንጠራጠር እንለያለን? ለፈተና ብቻ የምናጠናው ነገር ገበያ ላይ ሲያስፈልግ ይገርማል።) ግርሿ ግን ወደ ጠገራው ልማድ ተመልሳለች፤ 1895 የሚለውን ዓመት እንደያዘች ለብዙ ዓመታት ነው የታተመችው።

አሁን ወደ ወሬው ሳንቲም። 1936 ዓ.ም. ማለት እንደ ፈረንጅ 1944 ነው። ይሄንን ያልተረዱ ሰዎች «ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ዓመት የታተመ» እያሉ ዋጋ ይሰቅላሉ፤ ዘመን አቆጣጠሩን ስለደባለቁ ነው። የጃንሆይ ምስል ያለበት ይህ ሳንቲም መጀመሪያ የታተመው ፊላደልፊያ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ዳይም ከተሠራችበት ቤት። በኋላ ለንደንም አትሞታል። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የገንዘብ ሕግ ወጥቶ ብር በመቶ ሳንቲም ሲከፈል ከወረቀቱ ብር ጋር አብሮ ሠራ። ከዚያ ወዲያ እስከ ዘመነ መንግሥቱ መጨረሻ ሳንቲም ባስፈለገ ቁጥር ያው ፲፱፻፴፮ ነው የተመታበት። ስለዚህ ዓመቱ የመታተሚያ ዓመት ሳይሆን እንደ ማኅተም ያለ ነገር ነው። በብዙ ሚሊዮን ታትሟል። በመቶ ሺህ ብር የሚገዛው ሰው ማን እንደሆነ አሁንም እየጠበቅሁ ነው።

ግን ከ1936ቱ ውስጥ ልዩነት አለ። ሃምሳ ሳንቲሟ፣ ሽልንግ የምንላት፣ የብር ነች። መጀመሪያ የታተመችው ከሺህ 800 እጅ ብር ነበራት፤ በኋላ የመጣችው 700። ዓመት አንድ፣ መልክ አንድ፣ ፊደል የለም። ስሙኒዋ፣ ማለትም ሃያ አምስቷ፣ ደግሞ የመዳብ ነች። መጀመሪያ ክብ ሆና ነበር የወጣችው። በመጠን ከሽልንጓ ጋር ስለምትምታታ በ1940ዎቹ አጋማሽ ተሰበሰበችና ዳሯ ጥርስ ጥርስ ባላት ስሙኒ ተተካች። ክቧን ስሙኒ ዛሬ የያዘ ሰው ያልተለመደ ነገር ይዟል ማለት ነው። ገዢዎቹ ይህን ያውቃሉ። እኛ ነን የማናውቀው።

ወደ ቁም ነገሩ ደረስኩ። የአያቴ ሙዳይ ውስጥ 41 ሳንቲም ነበር። ዘጠኝ ጠገራ፣ ከነሱም ሦስቱ ለአንገት ማንጠልጠያ ቀለበት ተበይዶባቸዋል። ሁለት የምኒልክ ብር፣ አንዱ 1889፣ የሌላው ዓመት ተፍቆ የማይነበብ። ስድስት ግርሽ። ሦስት የጣሊያን ሳንቲም። አራት የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ። ቀሪው አሥራ ሰባት የ1936 ነው፤ አሥራ ሁለት ሽልንግ፣ ሦስት አሥር ሳንቲም፣ ሁለት ክብ ስሙኒ።

አጎቴ ገዢ አግኝቶ ነበር። ሰውዬው ሞተር ሳይክሉን በር ላይ አቁሞ፣ ማግኔትና ትንሽ ሚዛን ይዞ ገባ። ማግኔቱን ለማታለያ የያዘ መስሏቸው አንዳንዶች ፈርተው ነበር፤ ነገሩ ቀላል ነው፣ ብር በማግኔት አይሳብም። ሁለቱን ክብ ስሙኒና የ1889ኙን ብር ለብቻ አስቀመጠ። የቀረውን ብር በግራም፣ የተረፈውን በነጻ። ዋጋው መጥፎ ነበር ልል አልችልም። አጎቴም ሊሸጥ ነበር። እኔ የለመንኩት ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

በዚያ ግማሽ ቀን ያደረግሁት ነገር ተአምር አይደለም። ሁሉንም በስልክ በፊትም በጀርባም ፎቶ አነሳሁ፣ ቆጠርኩ፣ ጻፍኩ። የጻፍኩትን ሳነበው ግን ሙዳዩ መናገር ጀመረ። ጠገራዎቹ ዓመታቸውን አይናገሩም። ግርሽ አይናገርም። 1936 አይናገርም። ዓመታቸውን የሚናገሩት እንግዶቹ ናቸው። የጣሊያኖቹ ሳንቲሞች ትክክለኛ ዓመት ከነ ፋሺስቱ ዘመን ቁጥር፣ የሮም ምልክት የሆነች አር ፊደልም አላቸው። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንጎቹ ደግሞ ልክ እንደ ዳይም ናቸው። አንዱ 1942 ላይ አይ የሚል ፊደል አለው፣ ቦምቤይ ነው። ሁለቱ 1944 ከኤስ ኤ ፊደላት ጋር፣ ፕሪቶሪያ ናቸው። አንዱ 1944 ከኤች ጋር፣ በርሚንግሃም ነው። እነዚህ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገቡ ናቸው። ሃምሳ ሳንቲማችን ሽልንግ የሚለውን ስም የወረሰችው ከነሱ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱ ስሙኒዎች ክብ ናቸው፤ ጥርስ ያላት አንዲትም የለችም። የደርግ ዘመን የአንበሳ ራስ ያለበት፣ 1969 የሚል ሳንቲምም የለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የኒኬል መቶኛም የለም። ሲሪንቃ አልደረሰም ይሆን ወይስ ባለቤቷ ብር ያልሆነ ነገር ሙዳይዋ ውስጥ ማስገባት አልፈለገችም? ከፈለገች መዳቡን አሥር ሳንቲም ለምን አስቀመጠች? ይሄ እንግዲህ ጥያቄ ነው።

ሲጠቃለል ሙዳዩ የተዘጋው በ1940ዎቹ አጋማሽ አካባቢ፣ ጥርሳሟ ስሙኒ ሳትደርስ ይመስላል። በሁለት ስሙኒ ይህን ያህል መደምደም ያስቸግራል፤ መምህሮቻችን እንደሚሉት ማስረጃው ቀጭን ነው። እኔም ስለዚህ አያቴን ጠየቅኋት። «እምዬ፣ ይሄ ሙዳይ የማን ነበር?» አልኳት። «የእናቴ ነው፤ እሷ ስታርፍ እኔ ገና ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይጨምርበት? መቀነስ እንጂ» አለችኝ። ዛሬ ከሰማንያ በላይ ሆናለች። ጥጃ የምትጠብቅበት ዕድሜ ሲሰላ ልክ እዚያው ጊዜ ላይ ይወድቃል።

አሁን አስቡት። ገዢው ያነሳቸው ሁለቱ ስሙኒዎች ቀድመው ሄደው ቢሆን ኖሮ ሙዳዩ መቼ እንደተዘጋ ማወቂያው አብሮ ይሄድ ነበር። የጣሊያኑና የእንግሊዙ «የማይረባ» ተብሎ ልጆች እንዲጫወቱበት ቢሰጥ ደግሞ ጠገራዎቹ ዓመት አልባ ሆነው ይቀሩ ነበር። ሁልጊዜ ተለይታ የምትወጣው ውድ የሆነችዋ ስለሆነች፣ ሁልጊዜ የሚፈርሰው ማስረጃው ነው። አንድ ጠገራ ለብቻው ሙዚየም ውስጥ ቢቀመጥ ብዙ አይነግረንም፤ እንዲህ ያለ ጠገራ በዓለም ሞልቷል። አንዲት የሀብሩ ሴት ከጠገራ፣ ከግርሽ፣ ከሊሬ፣ ከሽልንግና ከአዲሱ ሳንቲም ጋር አብራ ያስቀመጠችው ዘጠኝ ጠገራ ግን ሌላ ነገር ነው። አምስት ዓይነት ገንዘብ በአንድ ሰው ዕድሜ አልፏል። የትኛውን እንዳመነች፣ የትኛውን አንገቷ ላይ እንዳሰረች፣ የትኛውን እንደጣለች ያሳያል። ይህን ከየትኛው መዝገብ ቤት እናገኘዋለን?

መቀነስ እንጂ ያለችውን ልብ በሉ። ከዚህ እጥፍ ነበር ትላለች። በ66ቱ ረሃብ ሄደ፣ በ77ቱ ደግሞ ሄደ። እኛ አካባቢ የተረፈ ሙዳይ ሁሉ ከነዚያ ዓመታት የተረፈ ነው። ጠገራው የተሸጠው እህል ለመግዛት ነው፣ በምን ዋጋ እንደተሸጠም ሁላችንም መገመት እንችላለን። በ2013 እና በ2014 ጦርነት ጊዜ ደግሞ ስንቱ ቤት እንደተዘረፈ የወልድያና የመርሳ ልጆች ያውቁታል፤ የአያቴ ሙዳይ የተረፈው መሬት ስለተቀበረ ነው። እንግዲህ ረሃብና ጦርነት ያልጨረሱትን አንድ ስልክ ላይ የተለቀቀ ቪዲዮ ሊጨርሰው ነው።

ሐሳቤን ለጓደኞቼ ሳካፍላቸው ሁለት ተቃውሞ ገጠመኝ። አንዱ «ታሪክ አያበላም፣ ድሃ ሰው አትሽጥ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ነው። እኔ አትሽጡ አላልኩም። አጎቴ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት ገንዘብ ያስፈልገዋል፣ ጠገራውም የሱና የእናቱ ነው። እኔ ምን አገባኝ? የምለው ከመሸጡ በፊት ይመዝገብ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ዋጋም አይቀንስም። እንዲያውም ሻጩ የያዘውን ስለሚያውቅ አይታለልም። አጎቴ ገዢው በማግሥቱ ሲመለስ «ክቧን ስሙኒ ለምን ለየሃት?» ብሎ ሲጠይቀው ሰውዬው ዋጋውን ራሱ ከፍ አደረገ። መጨረሻ ላይ አጎቴ አራት ጠገራና ስድስት ሽልንግ ሸጠ፣ ሌላው ለጊዜው ተቀምጧል። የተሸጡትም ቢሆን በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ ሙዳዩ በወረቀት ላይ ሙሉ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ሰው ሙዳዩን ለማንም አያሳይም። ቢያሳይ ሌባ ይሰማል፣ ወይም ቅርስ ነው ተብሎ ይወሰድብኛል ብሎ ይፈራል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ገበሬው ግን አዋጁን አያነብም፣ «መንግሥት ይወስዳል» የሚለውን ነው የሚሰማው። ፍርሃቱን ደግሞ ከንቱ ነው ልል አልችልም። ለዚህ ነው ምዝገባውን የቤቱ ልጅ ራሱ ማድረግ አለበት የምለው። ባለሙያ ከከተማ መጥቶ ሙዳይ አምጡ ቢል ማንም አያመጣም። ለልጅ ልጅ ግን ይከፈታል። የባለቤቱ ስምና ቤት አይጻፍ፤ ቀበሌው ወይም ወረዳው በቂ ነው። ሀብሩ፣ ጉባላፍቶ፣ ራያ ቆቦ ብሎ መጻፍ ማንንም አያጋልጥም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳንቲሙን አትጠቡት። እኛ ሰፈር በሎሚና በአመድ እያሹ ሲያብረቀርቁት አይቻለሁ። ገዢም አይወደውም፣ እኛም በዘመን የመጣውን ልባስ ስለሚያጠፋብን አንወደውም። የተበየደ ቀለበት ያለውንም አታስነቅሉ። ሰብሳቢዎች ተበላሽቷል ይላሉ፤ ለኛ ግን አንዲት ሙሽራ እንዳሰረችው የሚመሰክረው ያ ብየዳ ነው።

ከክፍላችን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ብዙዎቻችን ከወሎ ገጠር የመጣን ነን፤ ክረምት ሲመጣ በየቤታችን እንበተናለን። ባዶ ቅጽ አባዝቶ ለእያንዳንዳችን መስጠት የወረቀት ወጪ ብቻ ነው። ቅጹ ላይ የሳንቲሙ ዓይነት፣ ዓመት፣ ፊደል፣ ዳሩ፣ ብየዳ ወይም ቀዳዳ፣ ባለቤቷ ስለሱ የምትለው፣ አብሮት የነበረው ምን እንደሆነ ይሞላል። አብሮት የነበረው የሚለው ቦታ ሰፋ ይበል። ጠገራውም ዳሩ ላይ «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍ አለው፣ ጽሑፉ ተልጦ ወይም ተፍቆ እንደሆነም ይመዝገብ። ሽልንጎቹን በተመለከተ ደግሞ የኬሚስትሪ ክፍል ጎረቤታችን ነው። ሺኛ ግራም የሚለይ ሚዛን ካላቸው ሳንቲሟን አየር ላይና ውኃ ውስጥ መዝኖ 800 ትሁን 700 መገመት ይቻላል፤ ሳይቧጨር፣ ሳይቀልጥ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣሁ እያለ የሚያማርር የአራተኛ ዓመት ተማሪም እዚህ ውስጥ ከአንድ በላይ ርዕስ ያገኛል።

ፈቃደኛ መምህር ቢገኝ እኔ የአያቴን ዝርዝር ከነፎቶው ለክፍሉ ላስረክብ ዝግጁ ነኝ። ሁለቱ ክብ ስሙኒዎች ለአሁኑ ሲሪንቃ ናቸው፤ አጎቴ ግን እስከ መስከረም ብቻ ነው እጠብቃለሁ ያለኝ።